ደንብ ቁጥጥር አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ «ደንብ» የሚለው ቃል ነው። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በአምስት ነጥብ አስቀምጠዋል። አንደኛ፣ ደንብ ከሥሩ የቁጥጥር ቃል ነው፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ። ሁለተኛ፣ «በደንብ» እና «ደንበኛ» የሚሉት ቃላት ከእሱ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ድምፃቸው ነው የተገጣጠመው። ሦስተኛ፣ አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ስማቸው ቢለያይም ያው አንድ ዱላ ናቸው። አራተኛ፣ የቃሉን እውነተኛ ፍቺ ማወቅ የፈለገ መንገድ ላይ ያሉትን ደንብ አስከባሪዎች ይይ። አምስተኛ፣ ስለዚህ እድሮችና ማኅበራት «መተዳደሪያ ደንብ» የሚለውን ትተው «የጋራ ስምምነት» ይበሉ።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የሚቆረቆሩት በየመስኮቱ «አይቻልም» እየተባለ ለሚመለሰው ባለጉዳይ ነው። እኔም የምጽፈው ለዚያው ሰው ብዬ ነው። ግን ቃሉን ለተቆጣጣሪው ለቀን ብንሰጠው መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ባለጉዳይ ነው። ለምን እንደምል የጽሑፉን ቅደም ተከተል ይዤ ልሂድበት።

ከመጀመሪያው ነጥብ እንነሣ። አማርኛ ለቁጥጥር የራሱ ቃል አለው። «ተቆጣጠረ» ከ«ቆጠረ» የወጣ ነው፤ ቁጥርና ቁጥጥር አንድ ሥር ናቸው። ተቆጣጣሪ ቆጥሮ የሚያመሳክር ሰው ነው። አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ትኬት ያያል። መጋዘን ገብቶ ዕቃውን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ቁጥጥር እንዲኖር የሚያይና የሚታይ ያስፈልጋል። የሚያየው ዞር ካለ ቁጥጥሩም የለም።

ደንብ እንዲህ አይደለም። ቡናን እንውሰድ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉን ጠጥቶ ሊሄድ የሚነሣ እንግዳ ካለ «እንዴ! ደንቡ እኮ ሦስት ነው፣ በረካውን ጠጥተህ ትሄዳለህ» ይባላል። ቢሄድ ማንም አይቀጣውም። ስሙን የሚመዘግብ የለም። ቡና አፍዪዋም ተቆጣጣሪ አይደለችም። እሷም ብትሆን በዚያው ደንብ ውስጥ ናት፤ አቦሉን ቀድታ «በቃ፣ ሂዱልኝ» ማለት አትችልም። ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰውም የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር ቁጭ አይልም። ማን አዘዘው? ማንም። ደንብ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ሁለቱን ቃላት አይቀላቅልም። የመንገድ ትራፊክ ጉዳይ ይመራበት የነበረውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ስሙን ተመልከቱ። «የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ» ነው የሚለው። ደንብ ማለት ቁጥጥር ቢሆን ኖሮ «መቆጣጠሪያ» የሚለው ቃል ምን ይሠራ ነበር? ያ ደንብ የወጣው ለቁጥጥር ስለሆነ ነው ቃሉ የተጨመረው። ሌላው ደንብ ለሌላ ነገር ይወጣል። ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተቋቋሙት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። የእነሱ ደግሞ «ማቋቋሚያ ደንብ» ይባላል። ደንቡ ያው ደንብ ነው፤ ሥራው ግን አንድ ተቋም መውለድ ነው።

የጸሐፊው መደናገር ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። በየስብሰባው «ሬጉሌሽን» የሚለውን ቃል እንሰማለን። ያ የውጭ ቃል ሁለቱንም ይይዛል፤ የወጣውን ሕግም፣ ባንክን ወይም መድኃኒትን የመቆጣጠሩን ሥራም። እኛ ጋ ሕጉ ደንብ ነው፣ ሥራው ቁጥጥር ነው፣ ሠሪው ተቆጣጣሪ ነው። ሬጉሌሽንን ይዞ ወደ ደንብ የተመለሰ ሰው የሁለቱን ሸክም በአንዱ ላይ ይጭናል። ጽሑፉም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። «በደንብ» ማለት «በ» እና «ደንብ» ነው። «ደንበኛ» ደግሞ «ደንብ» ላይ «ኛ» ተጨምሮበት ነው። ነገር ከነገረኛ፣ ሐቅ ከሐቀኛ እንደሚወጣው ማለት ነው። ግጥምጥሞሽ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ግን አላቀረበም። ትርጉሙም ቢሆን ይገጥማል። እናት ልጇን «በደንብ ብላ» ስትል እንደሚገባ፣ ሳታጎድል ማለቷ ነው። «ሥጋው በደንብ በስሏል» ስንልም ልኩን አግኝቷል ማለታችን ነው። «ደንበኛ ጠጅ» ጠጅ መሆን እንዳለበት የሆነ ጠጅ ነው።

የሱቁን ደንበኛማ ልብ ብሎ ላየው ሰው ሌላም ነገር ይናገራል። ባለሱቁ ለደንበኛው ዱቤ ይሰጣል፤ ስኳር ሲጠፋ ለእሱ ያስቀምጥለታል። ደንበኛው ደግሞ ወር ሲደርስ ይከፍላል፤ ጎን ያለው ሱቅ አንድ ብር ስለቀነሰ ጥሎት አይሄድም። ሁለቱም የታሰሩበት ነገር አለ። ደንብ በአማርኛ ውስጥ ይህ ባሕርይ አለው፤ ሁለቱንም ወገን ይይዛል። ቁጥጥር የሚይዘው አንዱን ነው። ከጽሑፉ ጋር ያለኝ ጠብ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም እንበል፤ እዚህ ጋ ያለው ስህተት ሰውን ዋጋ ያስከፍላልና። «አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ ያው ናቸው» ይላል ጽሑፉ። ያው አይደሉም። የሚያወጣቸው አካል ይለያያል፤ አንዱ ከሌላው በላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለ። በአንቀጽ 9 የበላይ ሕግ እሱ መሆኑ ተጽፏል። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ያውም ዝም ብሎ አይደለም። አንቀጽ 77 ላይ እንደተጻፈው የተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት ነው። ስለዚህ ሚኒስትሮቹ ደንብ ሲያወጡ አዋጁ ካሰመረላቸው መስመር መውጣት አይችሉም። ከደንብ በታች መመሪያ ይመጣል። ይህን የሚያወጡት ሚኒስቴሮችና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አዲስ አበባም የራሷ መሰላል አላት፤ አዋጅ ከከተማው ምክር ቤት፣ ደንብ ከከተማው ካቢኔ ይወጣል።

አሁን መስኮት ጋ እንሂድ። ባለጉዳዩ ፋይሉን አቅፎ ተራው ደርሷል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ሳይል «መመሪያው አይፈቅድም» ይለዋል። «የቱ መመሪያ?» ሲል «ከላይ የወረደ ነው» ይባላል። ይህ ሰው የጽሑፉን ሦስተኛ ነጥብ አምኖ ከመጣ በቃ፣ አለቀለት። ሁሉም አንድ ዱላ ከሆነ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ልዩነቱን ካወቀ ግን የሚጠይቀው አለው። የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው? በየትኛው አዋጅ ወይም ደንብ በተሰጠ ሥልጣን ነው የወጣው? የት ተመዝግቧል? የት ላነበው እችላለሁ?

እነዚህ ጥያቄዎች ደግሞ የምኞት አይደሉም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚባል ሕግ አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት መሥሪያ ቤት በሕግ ሥልጣን ካልተሰጠው መመሪያ ማውጣት አይችልም። ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል አለበት። ከጸደቀ በኋላ ማስመዝገብ አለበት፤ መዝጋቢው ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፣ አሁን ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። በድረ ገጽም መውጣት አለበት። ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልወጣ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። የመሥሪያ ቤት ውሳኔም በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መሰጠት አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው መጀመሪያ እዚያው ቅሬታውን አቅርቦ፣ ካልሆነለት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ይችላል።

አዋጁ ለምን አስፈለገ? አዋጅና ደንብ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታተማሉ። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቁሟል። ስሙም ከነጋሪቱ የመጣ ነው። አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እየተባለ ገበያ መሐል ይነገር ነበር። ሕግ ሆኖ እንዲያዝ መጀመሪያ መሰማት ነበረበት። መመሪያ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀርቶ ኖረ። በደብዳቤና በሰርኩላር ከቢሮ ቢሮ ይሄዳል፤ ባለጉዳዩ የሚሰማው ሲከለከል ብቻ ነው። ሰው «ሁሉም ዱላ ነው» እንዲል ያደረገው ይህ ያልታተመ፣ ቁጥሩ የማይታወቅ፣ ከመሳቢያ የማይወጣ መመሪያ ነው። ጸሐፊው ቁጣቸውን ወደዚያ ቢያዞሩት ከጎናቸው በቆምኩ ነበር። እሳቸው ግን ጥፋቱን የመሳቢያው መመሪያ አድርሶ፣ ካሳውን የታተመው ደንብ ይክፈል አሉ።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም ጠንካራው ነው። በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

አስፋልት ዳር ሸራ ተዘርግቷል። ካልሲ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ማበጠሪያ ተደርድሮበታል። ከማዶ አንዱ «ደንብ መጣ!» ይላል። ወዲያው የሸራው አራት ጫፍ በአንድ እጅ ይጨበጣል። ሴትዮዋ በሌላው እጇ ልጇን ይዛ ወደ ቅያሱ ትሮጣለች። አንድ እግር ካልሲ ወድቆ ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ «ደንብ» የሚለው ቃል ሕግ አይደለም፤ ሰው ሆኗል፤ የሚያስፈራ ሰው። ጸሐፊው ይህን አይተው ነው የጻፉት። ልክ ነው ያዩት።

ግን ከሩጫው በኋላ የሚነገረውን እንስማ። ዕቃዋ የተወሰደባት ሴት ምን ትላለች? «ደረሰኝ እንኳን አልሰጡኝም።» «የት ሄደሽ ውሰጂ አላሉኝም።» «ትናንት ሲያልፉ ዝም ብለውኝ ዛሬ ምን ተገኘ?» «አጠገቤ ያለችውን ሳይነኩ እኔን ለቀሙኝ።» አንዱም ቅሬታ «ደንብ ለምን ኖረ» አይልም። የጎደለው ደንብ ነው እያለች ነው። የሚወሰድ ዕቃ በዝርዝር ይጻፍ፤ ደረሰኝ ይሰጥ፤ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ይታወቅ፤ ለሁሉም እኩል ይሁን። ይህ ሁሉ የደንብ ጥያቄ ነው። እሷን «ደንብ ማለት ይኸው የደረሰብሽ ነገር ነው» ብንላት የምትከራከርበትን ቃል ከአፏ እንቀማታለን።

ስሙንም አስተውሉ። ሰውየው ደንብ አስከባሪ ነው እንጂ ደንቡ አይደለም። አስከበረ ማለት እንዲከበር አደረገ ነው። የሚከበረው እሱ ሳይሆን ከእሱ ውጭ ያለ፣ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው። የሚለብሰውን እንኳ «የደንብ ልብስ» እንለዋለን። ያ ልብስ የሚለው «ይህ ሰው እንደፈለገ የሚያደርግ አይደለም፣ ራሱም በደንብ ሥር ነው» ነው። ሰዎቹን «ደንቦች» ብሎ የማሳጠሩ ነገር የመንገድ አነጋገር ነው፤ ምቹም ነው። ያ አጠራር የቃሉ ፍቺ ሆኖ መዝገበ ቃላት ይግባ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አገራችን ውስጥ «በሕግ አምላክ!» የሚል ጥሪ ነበር፤ አሁንም አልጠፋም። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚሄድ ውሃ ይቆማል ይባላል። ይህን የሚጣራው ማነው? ጉልበተኛው አይደለም። ጉልበተኛው ምን አስጨንቆት! የሚጣራው የተገፋው ነው። ደካማው ጠንካራውን የሚያቆምበት ነገር ሕግና ደንብ እንደሆነ ሕዝባችን ድሮ ያውቃል።

እዚሁ ነጥብ ውስጥ ጽሑፉ የወንጀል ሕጉን ይጠቅሳል። «ደንብ መተላለፍ የሚባል ጥፋት መኖሩ ራሱ ደንብ የቅጣት ቃል መሆኑን ያሳያል» ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሦስተኛ ክፍል፣ ከአንቀጽ 734 ጀምሮ ያለው፣ በእርግጥ የደንብ መተላለፍ ሕግ ነው። ግን ለምን ለብቻው ተቀመጠ? ከወንጀል ስለሚቀልል ነው። ሕጉ ሰው የገደለውንና የዘረፈውን በአንድ በኩል፣ የአብሮ መኖርን ሥርዓት ያጓደለውን በሌላ በኩል አስቀምጧል። የኋለኛውን «ወንጀለኛ» ላለማለት የተመረጠው ቃል ደንብ ነው። ይህ የቃሉን ጭካኔ አያሳይም።

አምስተኛው ነጥብ፣ ማለትም «የጋራ ስምምነት» እንበል የሚለው ሐሳብ፣ ሲሰሙት ደስ ይላል። ችግሩ እድር ውስጥ ገብቶ ሲታይ ነው።

የማውቀው አንድ የእድር ደንብ አለ። በታይፕ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ፣ በየገጹ ግርጌ ማኅተም ያለበት። ቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል ይላል። ቀጥሎ አራስ፣ ታማሚና አስታማሚ አይቀጡም ይላል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው «ይኸው ቁጥጥር» ሊሉ ይችላሉ። ወረድ ስንል ግን የሚበዛው አንቀጽ ስለ አባሉ አይደለም። ስለ ዳኛው፣ ስለ ጸሐፊውና ስለ ገንዘብ ያዡ ነው። ገንዘብ ያዡ የተሰበሰበውን እጁ ላይ አያሳድርም፤ ባንክ ያስገባል። ከባንክ የሚወጣው ሦስቱም ሲፈርሙ ነው። ዳኛው ስብሰባ ላይ ካረፈደ የአባል እጥፍ ይቀጣል። ሒሳብ በዓመት አንድ ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበባል። ደንቡን መለወጥ የሚችለው ጉባኤው ብቻ ነው፤ ዳኛው አይችልም። የሰፈር ሰው፣ አብዛኛው ሕግ ያልተማረ፣ ሥልጣን የያዘውን ሰው እንዴት አድርጎ ማሰር እንዳለበት አውቆ የጻፈው ነው። ይህን የጻፈ ሰው ደንብ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል።

አሁን በ«ስምምነት» እንተካው። ስምምነት የተስማሙትን ይመለከታል። እድር ግን ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል። መጀመሪያ የተስማሙት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባሏ የሞተባት ሴት ለቀብር የሚከፈለውን ልትጠይቅ ስትመጣ ኮሚቴው ተለውጦ ሊሆን ይችላል። «ከማን ጋር ነው የተስማማነው?» ቢሏትስ? ደንብ ካለ ይህ ጥያቄ አይነሣም። አንቀጹን ታሳያለች፤ ይከፈላታል። የሚያውቃት ሰው ኮሚቴው ውስጥ ኖረም አልኖረም።

ለሌሎች ማኅበራት ደግሞ ነገሩ የምርጫም አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ የሚፈልግ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ማቅረብ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ስለ ሥራ ደንብ ይናገራል። ሠራተኛው ያለ አግባብ ሲቀጣ «የሥራ ደንቡን አሳዩኝ» የሚለው በዚያ ነው። ስሙን ብንለውጥ ሠራተኛው ምን አሳዩኝ ይበል?

ከጸሐፊው ጋር አንድ ልንሆንበት የምንችል ነገር ግን አለ። «መመሪያው አይፈቅድም» የሚባልበት መስኮት ሁሉ የመመሪያውን ስም፣ ቁጥርና ዓመት፣ እንዲሁም የወጣበትን ሥልጣን የሰጠውን አዋጅ ወይም ደንብ በግልጽ ይለጥፍ። የሚወረስ ዕቃ ሁሉ በደረሰኝ ይወረስ። ቀጣዩ ጽሑፋቸው ይህን የሚጠይቅ ከሆነ ለማሰራጨት እኔ የመጀመሪያው ነኝ።